ዕቃ ጠፍቶ ዓይን ሠራተኛዋ ላይ ሲያርፍ፦ ከጥርጣሬ እስከ ስንብት

የጋብቻ ቀለበት ጠፋ። ከመሳቢያ ብር ጎደለ። የበርበሬው ጣሳ ከወትሮው ቀድሞ ባዶ ሆነ። ደብረ ብርሃንም ይሁን ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳም ይሁን ዓለም ከተማ፣ በዚያች ሰዓት የቤቱ ሰው ዓይን የሚዞረው ወደ ቤት ሠራተኛዋ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውም ወዲያው ትዝ ይላል። መጠርጠር ያለ ነው፤ ንብረቱ የጠፋበት ሰው ይጠረጥራል። ጣጣው የሚጀምረው ጥርጣሬው ከአፍ ሲወጣ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚቆመው ሦስት ጉዳዮችን ባለመደባለቅ ላይ ነው። የጠፋው ዕቃ አንድ ጉዳይ ነው። የሠራችበት ደመወዝ ሌላ ጉዳይ ነው። ከእሷ ጋር አብሮ መኖሩን መቀጠል ወይም ማቆም ደግሞ ሦስተኛ ነው። ሽማግሌ ፊት ወይም ፖሊስ ጣቢያ የሚደርሰው የከረረ ጠብ በአብዛኛው ሦስቱን በአንድ ምሽት፣ በአንድ ቁጣ ለመጨረስ ሲሞከር የመጣ ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን ፈልጉ፣ ሰውን አይደለም

ለማንም ሳትናገሩ ወረቀትና እስክሪብቶ አንሡ። አራት ነገር ጻፉ፦ የጠፋው ምንድን ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ታየ፣ ማንስ አየው፤ መጥፋቱ መቼ ታወቀ፤ በሁለቱ ቀናት መካከል ማን ማን ቤት ገባ። አራተኛውን ስትጽፉ አትቸኩሉ። ቧንቧ ሊሠራ የመጣው፣ ዲሽ የሰቀለው ልጅ፣ በሳምንት አንዴ ልብስ የምታጥበው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ለበዓል መጥቶ ያደረው የአጎት ልጅ፣ አብሮ ለማጥናት የሚመጣው የልጃችሁ ጓደኛ ሁሉ ይገባሉ። የራስ ልጅም ይጻፍ። የእግር ኳስ ውርርድ በየሰፈሩ በገባበት ዘመን፣ የእናቱን መሳቢያ የከፈተ ጎረምሳ በየቤቱ አለ፤ በእሱ ፋንታ የምትባረረው ግን ሠራተኛዋ ናት።

ከዚያ ቤቱን አገላብጡ። ወርቅ የሚደብቅ ሰው የደበቀበትን ይረሳል። የሽሮ ጣሳ፣ የጤፍ ጆንያ፣ የክረምት ካፖርት ኪስ፣ የታጠፈ ጋቢ ወይም በርኖስ መሐል፣ ፍራሽ ሥር፣ የዳዊት ማኅደር ውስጥ፣ ሁሉም ይታይ። ቀለበት ከሆነ ሊጥ ስታቦኩ የምታወልቁበትን ቦታ አስቡ፤ መስኮት ላይ፣ ሳሙና ማስቀመጫ ላይ፣ ቡሃቃው ሥር። ሀብልና ጉትቻ ከሆነ ለሠርግ ተውሳ የሄደች እህት አለመኖሯን አረጋግጡ። ብር ከሆነ ባልም ሚስትም ምን ያህል እንዳወጡ ተነጋገሩ። «እኔ እኮ ለዕድር ከፍዬበት ነው» የሚል መልስ ስንት ቤት ከውርደት አድኗል።

ይህ ሁሉ አንድ ቀን ሙሉ ቢፈጅም ይፍጅ። በዚያ ቀን አፍ ይዘጋ። በተለይ ቡና ላይ። «ይቺ ልጅ የእጅ አመል ሳይኖርባት አይቀርም» ተብላ የተጣለች አንዲት ቃል ከሦስተኛው ስኒ በፊት ሰፈሩን ትዞራለች፤ ቀለበቱ ነገ ቢገኝ ያቺን ቃል መልሶ የሚሰበስብ የለም።

የጎደለው የስልክ ገንዘብ ከሆነ

ይህኛው ቀላል ነው፤ ገንዘቡ የሄደበት ይታያልና። በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያችሁ የዝውውሩን ዝርዝር አውጡ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተቀባዩን ስም ያሳያል። ምስሉን አስቀምጡ። የሚስጥር ቁጥሩን ወዲያው ቀይሩ። ቁጥሩን ለካርድ መሙያ ብላችሁ ለልጆችም ለሠራተኛዋም ነግራችሁ ከነበረ፣ ይህንንም ፖሊስ ሲጠይቅ ሳትደብቁ ተናገሩ። ስልኩ ራሱ ከጠፋ ወደ 994 ደውሉና ሲሙን አዘጉ፤ የንግድ ባንክ ሒሳብ ካለበት ደግሞ 951 ላይ ደውሉ። የስልኩ መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ አለ፤ አሁን በእጃችሁ ባለው ስልክ ላይ *#06# ብትነኩ የእሱንም ታገኛላችሁ፤ ዛሬውኑ ጽፋችሁ አስቀምጡት።

የወጥ ቤት ጉድለት

ስኳር፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ሳሙና፣ ቅቤ። በእኔ ግምት በዚህ አገር «ሰረቀች» ከሚባለው ትልቁ ክፍል ይህ ነው፤ ፖሊስ ጋር ከሚያስኬደው ግን በጣም ትንሹ ነው።

መጀመሪያ መጠኑን እወቁ። አንድ ሊትር ዘይት ስንት ቀን ይበቃል? ሳትለኩ «ቶሎ አለቀ» ማለት ስሜት ነው። አንድ ወር የሚገባውን ሁሉ ከነቀኑ ጻፉ። እንግዳ የመጣበትን፣ ጾም የተፈታበትን፣ ዝክር የተደገሰበትን ቀን ምልክት አድርጉ። ብዙ ጊዜ ሒሳቡ ራሱ መልስ ይሰጣል።

ጉድለቱ እውነት ከሆነ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ አስቡ። ከገጠር ለትምህርት መጥተው ደብረ ብርሃን ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ስንቃቸው ከወላጅ ቤት ይመጣል፤ ሲያልቅ ደግሞ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ትታሰባለች። በፌስታል የወጣችው በርበሬ የሄደችው ወደዚያ ሊሆን ይችላል። ትክክል ነው አላልኩም። ግን ይህ በንግግር የሚዳኝ ነገር ነው። «ለወንድምሽ የሚያስፈልግ ካለ ንገሪኝ፤ ሳትነግሪኝ ግን ከቤት ምንም አይውጣ» ብሎ ድንበሩን ማስመር ይበቃል። የተረፈ ምግብ፣ አሮጌ ልብስ፣ ባዶ የዘይት ጀሪካን መውሰድ ይፈቀድ አይፈቀድ እንደሆነ ተነግሯት ካላወቀች፣ በሌላ ቤት ልማድ ያደረገችውን እዚህ ስርቆት ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስትጠይቋት

ፈልጋችሁ አጥታችኋል እንበል። አሁን መጠየቅ ይቻላል፤ ግን ቤቱን ሁሉ እንጂ እሷን ብቻ አይደለም። ከተቻለ እሷ እያየች መጀመሪያ ልጆቹን ጠይቁ።

ሰዓቱ ቀን ይሁን። በሩ ክፍት ይሁን። ልጆችና እንግዳ አይኑሩ። ወንድ ብቻውን ከእሷ ጋር ተቀምጦ አይጠይቅ፤ የቤቱ እመቤት ወይም የምታከብራት አንዲት ትልቅ ሴት ትኑር። ሦስት አራት ሰው ከብቦ መጠየቅም አይሆንም፤ ያ ማስፈራራት ነው።

አጠያየቁ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

— ነይ እስቲ እህቴ፣ ቁጭ በይ። ቀለበቴን ካስቀመጥሁበት አጣሁት። ጋሼንም ልጆቹንም ጠይቄያለሁ። አንቺ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?

— እሑድ ሊጥ ሲያቦኩ መስኮቱ ላይ አስቀምጠውት ነበር እትዬ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

— እሑድ ከሰዓት ማን መጥቶ ነበር?

— ያ ውሃ የሚሠራው ልጅ። ወጥ ቤት ገብቶ ነበር።

«የት አደረግሽው?» ቢባል ኖሮ የሚመጣው ልቅሶ ወይም መሐላ ነበር። «መቼ አየሽው?» ሲባል ግን እናንተ የረሳችሁትን እሑድ ታስታውሳለች። የተናገረችውን ሳትቆጡ ጻፉ። የሌለ ካሜራ አለ ብላችሁ አታስፈራሩ፤ «ፖሊስ ሁሉን ነግሮኛል» ብላችሁም አትዋሹ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዓይኗን መስበሯን፣ አንገቷን መድፋቷን፣ ድምፅዋ መጥፋቱን ማስረጃ አታድርጉ። መንዝም ሆነ ተጉለት ያደገች ልጅ ትልቅ ሰው ሲናገራት ዓይን ዓይኑን ማየት ነውር ነው ተብላ ነው ያደገችው። አሠሪዋ ፊት የምትንቀጠቀጥ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የፈራችው ሥራዋንና ማደሪያዋን ማጣት ሊሆን ይችላል።

ሻንጣዋን በግድ አትበርብሩ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ሰውነትንም ንብረትንም ያለ ሕግ ከመበርበር ይጠብቃል፤ መጠበቂያው ለእናንተ ብቻ አይደለም፣ በቤታችሁ ለምታድረውም ነው። ብርበራ የፖሊስ ሥራ ነው፤ በመሠረቱም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈልጋል። እሷ ራሷ «ይዩልኝ» ብላ ካቀረበች፣ ምስክር ባለበት፣ ራሷ እያወጣች ታሳይ፤ እናንተ እጃችሁን አታስገቡ። ልብሷን አውልቃ እንድትፈተሽ ማድረግ ግን በምንም መንገድ አይሞከርም።

ዕድሜዋንም አሁኑኑ አስቡ። አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ቅጥር በቀጥታ ባይገዛም፣ ለሥራ መቀጠሪያ ዝቅተኛ ዕድሜ ያደረገው 15 ዓመትን ነው። ከዚያ በታች የሆነች ልጅ በቤታችሁ ካለች ከቀለበቱ የሚቀድም ጉዳይ አለባችሁ፤ ጥያቄውን አቁሙና ወላጆቿን ጥሩ። የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም የሚመለከተው ነው።

ጠንቋይ፣ መሐላና የተቆለፈ በር

በዐፄዎቹ ዘመን ሌባሻይ የሚባል ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ ራሱን ስቶ እየተንፏቀቀ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል፣ ዕዳውንም ይከፍላል። ሌባሻይ ቀርቷል። ውሃ ውስጥ አይቶ፣ መጽሐፍ ገልጦ «ጠይም ናት፣ አጭር ናት» የሚል ሰው ግን ዛሬም አይጠፋም። ለእሱ የሚከፈለው ገንዘብ ከጠፋው ላይ የሚጨመር ሁለተኛ ጥፋት ነው። የሚናገረውም የሚስማማው ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ላለችው ድሀ ነው።

ታቦት ፊት ወስዶ ማስማል፣ ጠበል አስጠጥቶ «ከወሰድሽ ይታይብሽ» ማለትም እንዲሁ ነው። ንጹሕ ሰው በመሐላ ይሸበራል፤ የለመደ ሌባ ይምላል።

በር ቆልፎ «ሳታወጪ አትወጪም» ማለት ደግሞ ነገሩን ገልብጦ እናንተን ተከሳሽ ያደርጋችኋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 585 ሰውን ያለ አግባብ ይዞ ማስቀመጥን በወንጀልነት ይቀጣል። መምታት ከተጨመረማ ሌላ ክስ ነው። ዕቃውን ይዛ ስትወጣ እጅ ከፍንጅ ከያዛችኋት ነገሩ ይለያል፤ ያኔ ማንኛውም ሰው ይዞ ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ ይችላል። ሳይዘገይ ማለት አሳድሮ፣ ዘመድ ሰብስቦ፣ ጠይቆ አይደለም።

ተያዡና ደላላው

«ተያዥ አላት፣ ተያዡን እጠይቃለሁ» ብላችሁ ተማምናችሁ ይሆናል። ወረቀቱን አውጡና አንብቡት። በየደላላው ቤት የሚፈረመው ወረቀት በአብዛኛው «ለሚጠፋው ንብረት ሁሉ ኃላፊነት እወስዳለሁ» ይላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1922 ግን ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተገለጸበት ዋስትና ፈራሽ ነው ይላል። የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆንና በምስክር ፊት መፈረምም አለበት። ስለዚህ «ሁሉ» የሚለው ቃል ጠንካራ ይመስላል እንጂ ወረቀቱን ባዶ ያደርገዋል። «እስከ ብር 20,000» የሚል ቁጥር ቢኖርበት ነው የሚያስኬደው። ያም ቢሆን መጀመሪያ ጥፋቱ መረጋገጥ አለበት፤ ተያዡ በጥርጣሬ አይከፍልም።

ደላላው ከኮሚሽኑ ሌላ የሚመልሰው ነገር የለም። የወላጆቿን ስልክ፣ የመጣችበትን ቀበሌ፣ ቀድማ የሠራችበትን ቤት ሊነግራችሁ ግን ይችላል። ይህን ጠይቁት፤ ለምን እንደጠየቃችሁ ግን አትንገሩት። ነገ ሌላ ቤት የሚያስገባት እሱ ነው።

ሽማግሌ ወይስ ፖሊስ

የጠፋው ትንሽ ከሆነ፣ ወይም ራሷ ካመነች፣ ሽምግልና ይበጃል። ከእሷም ወገን ሰው ይኑር፤ አጎት፣ የአገሯ ልጅ፣ የዕድር ሰው። የእናንተ ዘመዶች ብቻ የተቀመጡበት ሽምግልና የተደበቀ ምርመራ ነው። ካመነች ምን እንደወሰደች፣ ምን እንደመለሰች፣ ቀሪው እንዴት እንደሚከፈል በግልጽ ተጽፎ ይነበብላት። ከደመወዟ ይቆረጥ ከተባለም እሷ ወዳ የተስማማችበት መሆን አለበት። ተደብድባ ወይም ተቆልፎባት የፈረመችው ወረቀት ግን ፍርድ ቤት የሚደርሰው በእናንተ ላይ ሆኖ ነው።

የጠፋው ከባድ ከሆነ ፖሊስ ጋር ሂዱ፤ በቶሎ ሂዱ። ይዛችሁ የምትሄዱት ያን የመጀመሪያውን ወረቀት፣ የገዛችሁበትን ደረሰኝ፣ ወርቁን ያደረጋችሁበትን ፎቶ (የሠርግ አልበም እዚህ ላይ ጥሩ ሥራ ይሠራል)፣ የስልክ ዝውውሩን ዝርዝር፣ የራሳችሁን መታወቂያ ነው። ክብደቱንና ካራቱን የምታውቁ ከሆነ ተናገሩ፤ ወርቅ ሠሪ ዘንድ የተሸጠ ከሆነ በዚህ ነው የሚለየው።

አነጋገራችሁን ጠብቁ። «ሠራተኛዬ ሰረቀችኝ» ማለትና «ቀለበቴ ጠፋ፤ ከእሑድ እስከ ረቡዕ ቤት የገቡት እነዚህ ናቸው» ማለት ሩቅ ለሩቅ ናቸው። ሁለተኛው እውነት ነው፤ የመጀመሪያው ግምት ነው። ንጹሕ መሆኑን እያወቁ ሰውን መወንጀል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 447 ያስጠይቃል። ቃላችሁ ተጽፎ ሲነበብላችሁ በደንብ ስሙ፤ ያላላችሁት ነገር ከገባ ሳይታረም አትፈርሙ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጃችሁ ይወጣል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ዝም የማለት መብት አለው፤ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። ስርቆት በአንቀጽ 665 በቀላል እስራት ወይም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ከባድ ስርቆት ከሆነ ቅጣቱ ከዚያ ይበልጣል። «ትንሽ ቀን ታስራ ታውጣ» ብሎ ጣቢያ የሚሄድ ሰው ይህን አስቦ ይሂድ። ማስረጃ ከሌለ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል፤ ያኔ ፖሊስ ተደልሏል ብሎ ማውራት አይገባም።

ስንብት

ምንም ሳይረጋገጥ እምነት ግን አልቆ ሊሆን ይችላል። ሰው ያላመነውን ሰው ልጁን ትቶለት መውጣት አይችልም። ማሰናበት ትችላላችሁ። ለማሰናበት ግን ሌባ ማለት አያስፈልግም።

የቤት ሠራተኛ ቅጥር ከአዋጅ 1156 ወሰን ውጭ ነው፤ የሚገዛው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ይህ ማለት መብት የላትም ማለት አይደለም። እስከ መጨረሻዋ ቀን የሠራችበት ይከፈላል። ወርሃዊ ደመወዟ 2,400 ብር ከሆነና በወሩ 17 ቀን ከሠራች፣ ለ30 ሲካፈል የቀኑ 80 ብር፣ የ17 ቀኑ 1,360 ብር ነው። ማስጠንቀቂያ ሳትሰጡ የምታሰናብቱ ከሆነ የተወሰነ ቀን ክፍያና የመሳፈሪያ ጨምሩበት። «ለቀለበቱ ይዣለሁ» ብሎ ደመወዝ ማስቀረት በገዛ እጅ መፍረድ ነው፤ ካሣ የምትፈልጉ ከሆነ ፍርድ ቤት አለ። መታወቂያዋን፣ የትምህርት ማስረጃዋን፣ ልብሷን መያዣ አታድርጉ።

አንድ ምስክር ባለበት ይህን አጽፉና አስፈርሙ፦ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሠራሁበትን ደመወዝ ይህን ያህል ብር ተቀብያለሁ። ልብሴንና መታወቂያዬን ወስጃለሁ።» ማንበብ የማትችል ከሆነ ምስክሩ ያንብብላትና በጣት አሻራ ትፈርም። ስለ ስርቆቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር አትጨምሩበት።

በማታ አታስወጡ። ሌሊት መናኸሪያ ላይ የተጣለች ሴት የሚደርስባት ከየትኛውም ቀለበት ይከብዳል። በጠዋት፣ ለዘመዷ ደውላችሁ፣ የምትሳፈርበትን አውቃችሁ ሸኟት።

አዲስ አሠሪ ደውሎ «እንዴት ነበረች?» ቢል የምታውቁትን ብቻ መልሱ፤ ስንት ጊዜ እንደሠራች፣ ልጅ አያያዟ፣ ሥራዋ። ፎቶዋን ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ «ከዚህች ሌባ ተጠንቀቁ» ብሎ መለጠፍ ግን አይታሰብ። ስም ማጥፋት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ያስቀጣል፤ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

ዕቃው ከተገኘ

ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም ይገኛል። እሷ ገና ቤት ካለች በዚያው ቀን ንገሯት። ይቅርታው ጥርጣሬው በተሰማበት ቦታ ይነገር፤ ልጆች ፊት ከተጠየቀች ልጆች ፊት፣ ጎረቤት ከሰማ ጎረቤት ባለበት። ሄዳ ከሆነ ደውሉላት፤ ያልተከፈላት ካለ ላኩላት፤ ለደላላውና ለተያዡም መገኘቱን ንገሯቸው።

ለፖሊስ አመልክታችሁ ከሆነ ደግሞ ጣቢያው ድረስ ሂዱና ዕቃው መገኘቱን፣ የት እንደተገኘ ጭምር፣ በጽሑፍ አስመዝግቡ። በስልክ መናገር አይበቃም፤ የሰጣችሁት ቃል መዝገብ ውስጥ እስካለ ድረስ የእሷም ስም እዚያው ይቆያል።